ዕቃው ሲጫን ድመቷስ?

በሀገራችን ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ የሚዛወርበት ወራት ብዙውን ጊዜ ክረምት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ብዙ የሠራተኛ ዝውውርም በዚሁ ሰሞን ይፈጸማል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉትም በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ገበታ መካከል ከማስነሣት ይልቅ ዝናቡን ታግሠው መንገድ መጀመርን ይመርጣሉ። ስለሆነም ለጉዞ የማይመቸው ወቅት፣ ጭቃውና ጎርፉ የሚበረታበት ጊዜ፣ ቤት የሚለቀቅበትና ቤት የሚያዝበት ጊዜ ሆኖ ይገኛል።

በቃሊቲ የምትኖሩ ወጣቶች ይህን ትርኢት ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ናት። ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማና ወደ ሀዋሳ የሚወርደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል። ፍራሽና ቁም ሣጥን የተቆለለበት፣ በሸራ ተሸፍኖ በገመድ የተጠፈረ ኢሱዙ በሐምሌ ዝናብ ሲያልፍ ቆሞ ያላየ የሰፈሩ ልጅ የለም። ወጪው ብቻ ሳይሆን ገቢውም ብዙ ነው። በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ ከመሐል ከተማ የሚነሡ ነዋሪዎች ወደዚሁ ወደ ደቡቡ ጫፍ እየመጡ ሰፍረዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል።

ጭነቱን ቀርባችሁ ተመልክታችሁ ከሆነ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ትረዳላችሁ። ጫኝና አውራጆች በዋጋ ከተከራከሩ በኋላ (ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ከጭነቱ ይረዝማል) በቅድሚያ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ያወጣሉ። ከዚያ ቡፌው፣ ፍራሹ፣ ጀሪካኑ፣ የእህሉ ማዳበሪያ ይከተላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈራለት የእንጀራው ምጣድ ነው። በሁለት ፍራሽ መካከል ይገባል፤ ወይም እናት ራሷ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ በጭኗ ላይ ታቅፈዋለች። ጀበናው በጨርቅ ይጠቀለላል። የጤና አዳሙ ተክል እንኳ በቆርቆሮ ተደርጎ አንድ ጥግ ያገኛል። ይህ ሁሉ ሲከናወን ድመቷ ከጣሪያው ጫፍ ወይም ከአጥሩ ሥር ሆና ትመለከታለች። መኪናው ሞተሩን ሲያስነሣ ከልጆቹ አንዱ «ድመቷስ?» ብሎ ይጠይቃል። ከአዋቂዎቹ የሚሰጠውም መልስ የተለመደ ነው። «ድመት የቤት ናት እንጂ የሰው አይደለችም፤ ተዋት» ይሉታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መልስ መቃወም ነው። በእኔ አስተያየት ድመት ያሳደገ ቤተሰብ ቤት ሲለቅ ድመቷን ይዞ መሄድ ይገባዋል። መንገዱ ረጅም፣ ወራቱም ክረምት መሆኑ ዝግጅቱን ያከብደዋል እንጂ ግዴታውን አያስቀርም።

እርግጥ ነው፣ አባባሉ ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። ድመት ከውሻ ይልቅ ቦታ ታጠብቃለች። ጉንጯን በበሩ መቃን፣ በመደቡ ጠርዝ፣ በሰውም እግር ላይ ስታሽ አይታችኋል። ብዙ ሰው ይህን መሞላቀቅ ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። ነገር ግን በጉንጯና በመዳፏ ላይ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስላሉ፣ በምትታከክበት ቦታ ሁሉ ለእኛ አፍንጫ የማይታወቅ ምልክት ትታ ታልፋለች። ቤት ማለት ለእሷ በአብዛኛው ይህ የሽታ ካርታ ነው። ስለዚህ ወደማታውቀው ቤት ወስደው በገባችበት ዕለት በሩን የከፈቱላት እንደ ሆነ፣ ካርታ በሌለው ሀገር እንደ ተጣለ መንገደኛ ትሆንና የድሮውን ፍለጋ ትወጣለች። ሰዎችም ይህን አይተው «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይሉባታል። ይሁንና ከዚህ እውነት የሚገኘው ትምህርት አዲሱን ቤት እስክትለምድ ድረስ ዘግቶ ማቆየት እንደሚያስፈልግ ነው። ጥሎ ለመሄድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሰውን አትወድም የሚለው የአባባሉ ሌላ ወገን ደግሞ በጥናት ተፈትኖ አልጸናም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመት ግልገሎችን ከአሳዳጊያቸው ጋር በማያውቁት ክፍል ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩአቸው፤ ቀጥሎ አሳዳጊው ወጥቶ ሁለት ደቂቃ ብቻቸውን ተዉአቸው፤ ከዚያም አሳዳጊው ሲመለስ የሚያደርጉትን ተመለከቱ። ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ያህል አሳዳጊያቸውን ሲያዩ ጭንቀታቸው ቀልሎ፣ ሰላም ብለውት ክፍሉን ወደ መመርመር ተመለሱ። ይህ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ሲፈተኑ ከሚታየው መጠን ጋር በእጅጉ የተቀራረበ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለድመት በማታውቀው ቦታ መረጋጊያ የሚሆናት የምታውቀው ሰው ነው። ቤቱን የምታጣበት ቀን ሰውዋን እጅግ የምትፈልግበት ቀን ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የሚከተለው ነው። ድመት ከሰው ጋር መኖሯን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች መካከል እጅግ ጥንታዊ የሆነው፣ ራሱ የቤት ማዛወር ማስረጃ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለ ስፍራ 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው መቃብር ማግኘታቸውን አስታወቁ። በመቃብሩ አንድ ሰው ተቀብሯል፤ ከእርሱም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ድመት በራሷ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብራለች። ደሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ የራሷ ድመት አልነበራትም። የቅርቡ የቱርክ ጠረፍም 70 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ይርቃል። እንግዲህ ድመቷ ወይም እናት አባቶቿ ወደዚያ የደረሱት ሰው በጀልባ ጭኖ ወስዷቸው መሆን አለበት። እነዚያ ገበሬዎች ዘራቸውንና ፍየሎቻቸውን ይዘው አዲስ ሀገር ለማቅናት ባሕር ሲሻገሩ፣ ድመትንም ከጓዛቸው አላጎደሏትም። ጎተራ ባለበት አይጥ እንዳለ፣ አይጥ ባለበትም ድመት እንደምታስፈልግ ያውቁ ነበርና። የቤት ድመት ቅድመ አያት የሆነው ያ የዱር ድመት ዛሬም በሀገራችን ሜዳዎች ይኖራል። ሞተርና አስፋልት ባልነበረበት ዘመን ማዕበል ያሻገሯትን እንስሳ፣ ዛሬ ከቃሊቲ ሀዋሳ ወይም ዲላ ማድረስ አይቻልም ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ተጥላ የቀረችው ድመት ምን ይደርስባታል? «ጎረቤት ያበላታል» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ቤቱን የተከራየው አዲስ ሰው ያባርራታል። ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ ጎረቤቱም አብሮ ሄዷል፤ የምትመለሰው ወደ ፍርስራሽ ነው። በፍርፋሪና በወተት ያደገች ድመት በአንድ ቀን ከአዳኝነት ብቻ ልትኖር አትችልም። ሴት ከሆነች በሁለት ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ግልገል ትወልዳለች፤ እነርሱም ባለቤት የሌላቸው ሆነው ያድጋሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ድመትም በበሽታው ትያዛለች፤ ስትነክስም ወደ ሰው ታስተላልፋለች። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞት ማዳን ፈጽሞ የማይቻል ያህል ነው። ክትባት ሳታገኝ በየጓሮው የምትንከራተት ድመት እንግዲህ ሄያጁ ቤተሰብ ለቀሪው ሰፈር ትቶት የሄደ ዕዳ ናት። በማዳበሪያ ከትተው ወንዝ አሻግረው የሚጥሉም አሉ፤ ስለዚህኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው የሚከተለው ነው። ከኖረበት ሰፈር የተነሣ ቤተሰብ የራሱ ጭንቀት ሞልቶታል፤ የመኪናው ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የውሃና የመብራት ነገር ያሳስበዋል፤ በዚህ መካከል ስለ ድመት ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። ይህ ሊናቅ የሚገባው ሐሳብ አይደለም። ሆኖም አንድ ክዳን ያለው ቅርጫትና የአንድ ልጅ ጭን እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። ደግሞም ልብ በሉ። ቤተሰቡ እድሩን ጭኖ ሊሄድ አይችልም። የቡና ጎረቤቱን፣ የአጥሩን ዛፍ፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ ትቶ ይሄዳል። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነው ትንሹ ልጅ ከሚያውቀው ዓለም ሁሉ አዲሱ ቤት ድረስ ተከትላው ልትገባ የምትችል አንዲት ፍጥረት ብትኖር ድመቷ ናት። እርሷን ከመኪናው መስኮት ወደ ኋላ እያየ እንዲሄድ ማድረግ፣ ወላጅ ሳያስብበት የሚፈጽመው ጭካኔ ነው። ልጁ በዚያች ደቂቃ፣ ሲመች የቤተሰብ ተብሎ ሳይመች የሚጣል እንዳለ ይማራል።

እዚህ ላይ የእናንተ ድርሻ ይመጣል። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ሰው በቤቱ ውስጥ ጭነት ከሚያሥሩት አንዱ ነው። ድመቷ የምትረሳው ማንም ስለሚጠላት ሳይሆን ማንም ስላልተመደበላት ነው። አባት መኪናውን ይከራያል፤ እናት የወጥ ቤቱን ዕቃ ትሰበስባለች፤ ድመቷ ግን ባለ ጉዳይ የላትም። ስለዚህ ጥያቄው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ እንዳይነሣ፣ ከሳምንት በፊት ለአባታችሁና ለእናታችሁ በአክብሮት አቅርቡና ኃላፊነቱን ውሰዱ። «እኔ እይዛታለሁ» ያለ ልጅ ሲኖር እንቢ የሚል ወላጅ ጥቂት ነው።

ከቃሊቲ ተነሥታችሁ ዲላ ልትገቡ ነው እንበል። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሳምንት በፊት ክዳን ያለውን የቀርከሃ ቅርጫት፣ እርሱ ከታጣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የተበሳለትን ጠንካራ ካርቶን፣ ድመቷ በምትተኛበት ጥግ አኑሩላት። በውስጡም ከቤተሰቡ የአንዱን ያልታጠበ አሮጌ ጋቢ ወይም ሹራብ አንጥፉበት። ወዳ ከገባችበት ሥራው ግማሽ አለቀ። ክትባት ካልተከተበች ከጉዞው አስቀድሞ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። በዋዜማው ማታ፣ ጫኝና አውራጆች ሳይመጡ፣ በአንድ ክፍል ዝጉባት። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ሄርዝ በላይ የሆነ ድምፅ አይሰማም፤ የድመት ጆሮ ግን ከ60 ሺህ በላይ ያለውን ይሰማል። የአልጋ መጎተትና የብረት መጋጨት ለእኛ ጫጫታ ከሆነ ለእርሷ ምን እንደሚመስል መገመት ነው። በዚያ ሰዓት በሩ ክፍት ከሆነ አጥር ዘልላ ትሄዳለች፤ ያኔ ደግሞ መኪናው አይጠብቅም።

ከመነሣታችሁ በፊት ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓታት ምግብ አትስጧት፤ ሆዷ ከሞላ መንገድ ላይ ያስመልሳታል። ውሃ ግን አይከለከልም። ከድሮው ምድጃ አንድ ጣሳ አመድ ያዙ። ይህ ለብዙዎች ሳቅ የሚያመጣ ምክር ነው፤ ጥቅሙን በኋላ ታዩታላችሁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መኪናው ይነሣል እንበል። የቃሊቲና የአቃቂ ሜዳ መሬቱ መረሬ ስለሆነ በክረምት ከሰፈር ውስጥ ወጥቶ አስፋልት መርገጡ ብቻ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ሰው ይገፋል። ድመቷ በዚህ ሁሉ ውስጥ ጋቢና ውስጥ ካለ ሰው ጭን ላይ ትሁን። ከኋላ በሸራው ሥር ከዕቃው ጋር አትጫን። ዕቃ ይናድባታል፤ ዝናብ ይዘልቅባታል፤ ብትታመምም የሚያያት የለም። ቤተሰቡ ተከፍሎ ከፊሉ ከመናኸሪያው በአውቶቡስ የሚሄድ ከሆነ ያሳደጋት ልጅ ከእርሷ ጋር ይሁን።

ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ትጮኻለች። ቅርጫቱን በስስ ጨርቅ መሸፈን ያረጋጋታል። አሳዝናችሁ ክዳኑን እንዳትከፍቱ። የፈራች ድመት ጠባብ ጨለማ ትፈልጋለችና ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከፍሬኑና ከፍሪሲዮኑ መካከል ልትገባ ትችላለች። በረጠበ አስፋልት ላይ ይህ የስንት ሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ዱከምንና ቢሾፍቱን በአሮጌው መንገድ ብታልፉ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረው የክፍያ መንገድ ብትሄዱ፣ ወደ ሞጆ ስትወርዱ አየሩ ሲለወጥ ይሰማችኋል። ቃሊቲ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ በመቂ በኩል ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከተማ ስትደርሱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ብርድ ለብሳችሁ ተነሥታችሁ እኩለ ቀን ላይ ሹራብ ታወልቃላችሁ። ድመት ሹራቧን አታወልቅም። ላብ የሚወጣት በመዳፏ ብቻ ያህል ነውና፣ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ስታለከልክ ካያችሁ ተጨንቃለች ማለት ነው። ጨርቁን ግለጡላት፤ መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አድርጉ፤ ስታርፉም ጥላ ሥር አኑራችሁ ውሃ በእጃችሁ አቅርቡላት። መኪናውን ለምሳ ስታቆሙ በሩን በፀሐይ ዘግታችሁባት አትሂዱ።

በመንገድ ላይ ድመት የምትጠፋው ባመዛኙ መኪና ሲቆም ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ይወርዳል፤ አንዱ በር ይከፍታል፤ ሌላው «ትንሽ ትናፈስ» ይላል፤ ድመቷ ከዚያ በኋላ የለችም። መቂ ላይ የጠፋች ድመት ወደ ቃሊቲም አትደርስ፣ ወደ ዲላም አትደርስ። ከሻሸመኔ ወዲያ መሬቱ ከፍና ዝቅ ሲል ዝናቡ ሊመለስ ይችላል። ሀዋሳን፣ ይርጋ ዓለምንም አልፋችሁ ዲላ የምትገቡት ምናልባት በጨለማ ነው። ጎርፍ መንገድ ዘግቶ ካስመሸም ያው ነው፤ ለድመቷም እንደ እናንተ የአንድ ቀን ትርፍ ስንቅ ይያዝላት።

ድመቷን መውሰድ የማይቻልበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። በቅርቡ የወለደች ልትሆን ትችላለች፤ ወይም አዲሱ አከራይ በግልጽ ከልክሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ስሙ ለሚታወቅ አንድ ሰው በቃል አስረክቡ። «ሰፈሩ ያያታል» ማለት ማንም አያያትም ማለት ነው።

አዲሱ ቤት ስትደርሱ ከሁሉ አስቀድማችሁ ለእርሷ አንድ ክፍል ለዩ፤ ኩሽና ቢሆንም ግድ የለም። ያመጣችሁትን አመድ በሰፌድ አሮጌ ወይም በተቀደደ ሳፋ ውስጥ ዘርግፉት። ሽታው የድሮው ምድጃ ስለሆነ የት መጸዳዳት እንዳለባት ሳይነግሯት ታውቃለች። ቅርጫቱን በማዕዘን አስቀምጡና ክዳኑን ከፍታችሁ ተዉአት፤ አትጎትቷት። ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ አትወጣ ይሆናል። በማግሥቱ ግን መብላት ይገባታል። ለበርካታ ቀናት ያልበላች ድመት ጉበቷ ይታመማል፤ በሁለተኛው ቀንም እምቢ ካለች የእንስሳት ሐኪም ይያት። በእነዚያ ቀኖች በጉንጯ ግድግዳውን፣ የአልጋውን እግር፣ የእህሉን ማዳበሪያ ስትታከክ ታያላችሁ። አዲሱን ካርታ መሣል ጀምራለች።

ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ሳምንት ከቤት አታስወጧት። ዝናቡም ለዚህ ይረዳችኋል፤ ድመት በነሐሴ ዝናብ ውጭ ለመውጣት እምብዛም አትጓጓም። ከዚያ በኋላ ዝናብ በሌለበት አንድ ማለዳ፣ ቁርሷን ሳትበላ፣ በሩን ገርበብ አድርጉና ሳህኗን ይዛችሁ ደጃፉ ላይ ቁሙ። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃታል።